ስልኩ ተኝቷል ወይስ የተኛ መስሏል?

በዚህ ወር ለዓምዱ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ ከጅማ የተላኩ ናቸው። ጠያቂዎቹ እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁ ባይመስለንም ሁሉም የጻፉልን ስለ አንድ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል፤ ስክሪኑ ጠፍቶ ስልኩ ኪስ ሲገባ፣ በውስጡ ያሉት ሴንሰሮች (ብርሃንን፣ እንቅስቃሴንና የመሳሰሉትን የሚለኩት ቺፖች) እና እነርሱን የሚያዙት ድራይቨሮች የተባሉ ፕሮግራሞች ምን ሲሠሩ ይቆያሉ? የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ለቀናል። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም፤ ደብዳቤዎቹንም ፍሬ ነገራቸውን ሳንነካ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጅማ መርካቶ አካባቢ ስልክ በመጠገን እተዳደራለሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት የአንድ ደንበኛዬን የተሰበረ ስክሪን ቀየርኩ። ስክሪኑ በደንብ ይሠራል፤ ነገር ግን ደንበኛዬ ተመልሰው መጥተው «ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ 100 በመቶ ሞልቼ ያስቀመጥኩትን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ 60 በመቶ ሆኖ አገኘዋለሁ» አሉኝ። ባትሪው 4000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝ ነው። አዲስ ባትሪ ገጠምኩላቸው፣ ፍላሽም አደረግሁት (ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጫንኩበት)፤ ለውጥ የለም። ስልኩ ከመሰበሩ በፊት እንዲህ እንዳልነበረ ይምላሉ። ስክሪን መቀየር ባትሪ ሊያስጨርስ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል፤ ወደ ምክንያቱ ከመሄዳችን በፊት ግን ደንበኛዎ የነገሩዎትን ቁጥር እናስላው። የ4000 ሚሊአምፒር ሰዓት 40 በመቶ 1600 ነው፤ ይህ ለ8 ሰዓት ሲካፈል ስልኩ ሌሊቱን ሙሉ በአማካይ 200 ሚሊአምፒር ሲስብ አድሯል ማለት ነው። አሁን ይህን ከአንድ ሴንሰር ፍጆታ ጋር ያስተያዩት። ኤምፒዩ 6050 የተባለው የታወቀ ቺፕ አክስለሮሜትሩም (ንዝረትንና ስበትን የሚለካው) ጋይሮስኮፑም (መዞርን የሚለካው) በአንድነት በርተው ሲሠሩ የሚወስደው 3.8 ሚሊአምፒር ያህል ነው፤ ሳይጠፋ ቢያድር እንኳ በ8 ሰዓት ውስጥ የሚበላው 30.4 ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ማለትም ከባትሪው አንድ በመቶ የማይሞላ ነው። እንግዲህ ባትሪውን የጨረሰው ሴንሰሩ የበላው ኃይል ሳይሆን ፕሮሰሰሩን የነሳው እንቅልፍ ነው። ከዚህ በታች ለሌሎቹ ጠያቂዎች የምሰጠውም መልስ ከዚህ ነጥብ ብዙ አይርቅም።

«እንቅልፍ» ስንል የስክሪኑን መጥፋት ማለታችን አይደለም። ስክሪኑ ከጠፋ በኋላ ሥራ የያዘ ፕሮግራም ከሌለ፣ የአንድሮይድ መሠረት የሆነው የሊኑክስ ከርነል (ፕሮግራሞችንና መሣሪያዎችን የሚያስተዳድረው የሶፍትዌሩ እምብርት) በመጀመሪያ ፕሮግራሞቹን ባሉበት ያግዳቸዋል፤ ቀጥሎ እያንዳንዱን ድራይቨር በተራ እየጠራ መሣሪያውን እንዲያስተኛ ያዘዋል፤ በመጨረሻም ፕሮሰሰሩ ራሱ ሥራ ያቆምና ራሙ ብቻ የያዘውን እንዳይረሳ ጥቂት ኃይል እየተሰጠው ይቆያል። ከዚህ በኋላ ስልኩን መቀስቀስ የሚችሉት አስቀድሞ ፈቃድ የተሰጣቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው፤ የማብሪያ ቁልፉ፣ ሞደሙ፣ የቻርጀሩ መሰኪያ፣ የሰዓቱ ማንቂያ፣ ከሴንሰሮቹም ውስጥ የተመረጡት።

ከተመረጡት አንዱ ከጆሮ ማዳመጫው አጠገብ ያለው የቅርበት ሴንሰር ነው። ስናወራ ስልኩን ወደ ጆሯችን ስናስጠጋ ስክሪኑ የሚጠፋው በእርሱ ምክንያት ነው፤ ስልኩ ከጆሮ ሲነሳም ስክሪኑ ሳይዘገይ መብራት ስላለበት፣ አንድሮይድ ይህን ሴንሰር ከቀስቃሾቹ ወገን መድቦታል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ብርሃን ይልካል፣ ነጥሮ የተመለሰውንም ይለካል። ድራይቨሩ በቺፑ ላይ ሁለት ወሰኖችን ይጽፋል፤ ልኬቱ ከላይኛው ወሰን ሲያልፍ «ቅርብ»፣ ከታችኛው ሲወርድ «ሩቅ» የሚል መልእክት በኢንተራፕት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን የያዘውን አቋርጦ እንዲሰማ በሚያደርግ ምልክት፣ ይመጣል።

እርስዎ በጠገኑት ስልክ ላይ የተዛባው ይኸው ይመስለኛል። በብዙ ስልኮች ውስጥ የብርሃኑን ላኪ ከተቀባዩ የምትለይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ላስቲክ አለች። አሮጌው ስክሪን ሲላቀቅ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቃ ትወጣና አብራው ትጣላለች። እርሷ ከሌለች ብርሃኑ ወደ ውጭ ሳይወጣ ከመስታወቱ ጀርባ እየነጠረ ይመለሳል፤ ርካሽ ስክሪን ሲሆን ደግሞ በመስኮቱ ላይ የተቀባው ጥቁር ቀለም ኢንፍራሬድን በሚገባ ስለማያሳልፍ ነገሩን ያብሰዋል። በዚህ ጊዜ ልኬቱ ማንም ሳይቀርበው ከወሰኖቹ አጠገብ ይሰፍርና ሌሊቱን «ቅርብ፣ ሩቅ፣ ቅርብ፣ ሩቅ» ሲል ያድራል። እያንዳንዷ ቃል ስልኩን ትቀሰቅሰዋለች፤ መልእክቷ ለሚመለከተው ፕሮግራም ሳትደርስ ስልኩ መልሶ እንዳይተኛም ዌክሎክ የሚባለው የእንቅልፍ መከልከያ ለጥቂት ጊዜ ይያዛል፤ መቀስቀሱ ከተደጋገመ ስልኩ ጭራሽ አይተኛም።

እኔ ራሴ እንዲህ ያለውን ስልክ ባትሪውን አውጥቼ በፓወር ሰፕላይ አስነስቼ አይቼዋለሁ። ስክሪኑን ባጠፋሁ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ የአምፒር ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተጠግቶ መቀመጥ ሲገባው፣ ይወርድና ወዲያው ይዘላል፣ ደግሞ ይወርዳል፣ ደግሞ ይዘላል። በሴንሰሩ መስኮት ላይ ቁራጭ ናስትሮ ለጠፍኩበት፤ ሴንሰሩ ሳያወላውል «ቅርብ» ብሎ ጸናና ቁጥሩ ወርዶ ቀረ። ናስትሮውን ባነሳሁት ጊዜ ዝላዩ ተመለሰ። ከዚህ የረከሰ ምርመራ አላውቅም፤ እርስዎም በዚሁ ይጀምሩ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ይህ ሴንሰር የሚበራው የሚፈልገው ፕሮግራም ሲኖር ብቻ ነው፤ ጥሪ በሌለበት ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ስልኩ ኪስ ውስጥ ሳለ እንዳይነካካ የሚጠብቀው ቅንብር፣ ወይም ሲነሳ ስክሪኑን የሚያበራው ነው። ስለዚህ እነዚህን ቅንብሮች አጥፍተው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። ባትሪው ካልቀነሰ ጥፋቱ ተገኝቷል፤ ላስቲኳን ከሌላ የወዳደቀ ስልክ ፈልገው ይግጠሙ፣ ስልኩ የካሊብሬሽን (ልኬቱን የማስተካከል) ምርጫ ካለው እርሱንም ያድሱ። ኮምፒውተር ካለዎት ደግሞ በስልኩ የገንቢ አማራጮች ውስጥ የሳንካ ሪፖርት (የስልኩን የውስጥ ሥራ መዝገብ) ያውጡና የትኛው የማንቂያ ምንጭ ስንት ጊዜ እንደነቃና ለምን ያህል ጊዜ እንቅልፍ እንደከለከለ ይመልከቱ፤ የቅርበት ሴንሰሩ ስም በሺህ የሚቆጠር ቁጥር ይዞ ካገኙት ክርክር የለም። ፍላሽ ማድረግዎን ግን አልወደድኩትም። ጥፋቱ የመስታወትና የላስቲክ ሆኖ ሳለ ሶፍትዌሩን መንካት አይፈይድም፤ በአንዳንድ ስልኮች ላይም የሴንሰሩ ካሊብሬሽን የተቀመጠበት ክፍል አብሮ ከተጠረገ ችግሩ ይብሳል።

ጥያቄ፦ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ የ5ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ሊኑክስ በሚሠራ፣ በባትሪ በሚንቀሳቀስ አነስተኛ ቦርድ ላይ ኤምፒዩ 6050 ገጥሜ ድራይቨሩን ራሴ ጽፌለታለሁ። ቦርዱ ነቅቶ ሳለ ሁሉም መልካም ነው፤ ተኝቶ ሲነሳ ግን ሴንሰሩ ዜሮ ብቻ ይሰጠኛል። የድራይቨሩን ሞጁል አውጥቼ መልሼ ስጭነው ይስተካከላል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ቦርዱ ሊተኛ ሲል ደርቆ ቀረና የአይ ቱ ሲ (ሴንሰሩ ከቦርዱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር) ስህተት ደጋግሞ ጻፈ። ሁለቱ ችግሮች አንድ ናቸው?

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ ሁለቱም የመጡት ግን መተኛትና መነሳት ድራይቨሩ ተጽፎ ካለቀ በኋላ የታሰቡ በመሆናቸው ነው። በእርስዎ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ በገበያ ላይ ባሉ ስልኮችም ውስጥ እንዲህ ያለ ድራይቨር ሞልቷል።

ከዜሮው እንጀምር። ኤምፒዩ 6050 ኃይል ሲያገኝ ነቅቶ አይነሳም፤ የኃይል መቆጣጠሪያ ሬጅስተሩ (በቺፑ ውስጥ ቅንብር የሚጻፍበት ቦታ) ላይ ያለችው፣ 0 ወይም 1 የምትይዘው የእንቅልፍ ቢት 1 ሆና ነው የሚጀምረው። ድራይቨርዎ ሞጁሉ በተጫነ ቁጥር ያቺን ቢት ወደ 0 ስለሚመልስ፣ አውጥተው ሲጭኑት ይስተካከላል። ቦርዱ ሲተኛ ግን ወደ ሴንሰሩ የሚሄደው የቮልቴጅ መስመር ይቋረጣል፤ ቺፑም የተጻፈበትን ሁሉ ረስቶ እንደ አዲስ ይነሳል። ከእንቅልፍ ሲነሱ የሚጠራው የድራይቨርዎ ክፍል ይህን ካላወቀ የሚያነበው የተኛ ቺፕ ነው፤ የተኛ ቺፕ ደግሞ መልሱ ዜሮ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበትን አስቀድሜ ልንገርዎ። የእንቅልፍ ቢቷን ብቻ መልሰው ዜሮው ሲጠፋ «ተፈታ» ብለው ይተዉታል። ቺፑ ግን የመለኪያ ወሰኑንም ረስቷል። ሲጀምር ወሰኑ የስበት 2 እጥፍ ሲሆን፣ በዚህ ወሰን አንድ ስበት 16384 ተብሎ ይነበባል፤ ድራይቨርዎ ወሰኑን 16 እጥፍ አድርጎት ከነበረ ግን አንድ ስበትን የሚያውቀው 2048 ብሎ ነው። ስለዚህ ቦርዱ ከእንቅልፉ ሲነሳ፣ ጠረጴዛ ላይ ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ሳለ፣ የስበት 8 እጥፍ ኃይል እየተጫነው እንደሆነ ይነግርዎታል። ዜሮ ቢያንስ ስህተትነቱ ፊት ለፊት ይታያል፤ ይህኛው ግን ልክ ቁጥር መስሎ ስለሚመጣ የሚጋለጠው በፈታኞች ፊት ነው። መፍትሔው የጻፉትን ሬጅስተር ሁሉ ቅጂውን ይዞ መቆየትና ሲነሱ አንድም ሳያስቀሩ መልሶ መጻፍ ነው፤ ሬግማፕ የተባለው የከርነሉ ክፍል ይህን ቅጂ ስለሚይዝልዎ በእጅዎ አይልፉ። ጋይሮስኮፑ ከተነሳ በኋላ ለመረጋጋት 30 ሚሊሴኮንድ ያህል እንደሚፈልግም አይዘንጉ፤ ከዚያ በፊት የሚነበበው ቁጥር አይታመንም።

የደረቀው ቦርድ ጉዳይ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ከርነሉ መሣሪያዎችን የሚያስተኛው ልጅን ከወላጅ አስቀድሞ ነው፤ ሴንሰሩ የአይ ቱ ሲ መቆጣጠሪያው ልጅ ሆኖ ስለሚቆጠር እርሱ ይቀድማል፣ መቆጣጠሪያው ይከተላል፤ በመነሳት ጊዜ ደግሞ ወላጅ ይቀድማል። የኢንተራፕት መስመሮች ግን የሚዘጉት ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ሲገባ ነው። በመካከል ባለችው ጠባብ ጊዜ ሴንሰሩ «አዲስ ልኬት አለኝ» ብሎ መስመሩን ከሳበ፣ የድራይቨርዎ ኢንተራፕት ተቀባይ ይነሳና ቺፑን ሊያነብ ይሞክራል፤ የሚያነብበት መቆጣጠሪያ ግን ተኝቷል። ንባቡ ይከሽፋል፤ መስመሩ ካልተነበበ በስተቀር የማይለቅ ዓይነት ከሆነም ኢንተራፕቱ ያለማቋረጥ ይመላለሳል። ያዩት የስህተት ጎርፍ ይህ ነው፤ በየጊዜው ሳይሆን ሁለት ጊዜ ብቻ የደረሰብዎም ኢንተራፕቱ በዚያች ጠባብ ጊዜ መምጣቱ የአጋጣሚ ስለሆነ ነው።

ሴንሰሩ ቦርዱን እንዲቀሰቅስ የማይፈልጉ ከሆነ፣ ለመተኛት ሲታዘዙ አስቀድመው ኢንተራፕቱን ዝጉ፣ የጀመረ ተቀባይ ካለ እስኪጨርስ ጠብቁ፣ ከዚያ ቺፑን አስተኙ፤ ሲነሱ በተቃራኒው ሬጅስተሮቹን መልሰው ጽፈው ሲያበቁ ኢንተራፕቱን ክፈቱ። እንዲቀሰቅስ ከፈለጉ ደግሞ መስመሩን በግልጽ ቀስቃሽ ብለው ያስመዝግቡት፣ ተቀባዩም መቆጣጠሪያው እስኪነሳ ንባቡን እንዲያቆይ ያድርጉ። ኢንተራፕቱ በእንቅልፍ ጊዜም ክፍት ይቆይ የሚል ምልክት ለጥፈው የሚገላገሉ አሉ፤ ያ ምልክት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ላሉት የተሠራ እንጂ ለሴንሰር የታሰበ አይደለም፣ የተኛውን ቦርድ እንደሚቀሰቅስም ዋስትና አይሰጥም።

በዚህ የመተኛትና የመቀስቀስ ሽሚያ የተቸገሩት እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም። ስልኩ ሊተኛ ሲል የመጣ መልእክት እንዳይረሳ ለማድረግ አንድሮይድ ዌክሎክን ይዞ ሲመጣ የሊኑክስ ከርነል ሰዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ ረጅም ክርክር ተደርጎ ራፋኤል ቪሶትስኪ የማንቂያ ክስተቶችን እየቆጠረ፣ ቁጥሩ ከተለወጠ እንቅልፉን የሚሰርዝ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2010 በ2.6.36 ከርነል ውስጥ አስገባ፤ ለዌክሎክ የሚመሳሰል አሠራር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ከ3.5 ጋር መጣ። ለፕሮጀክትዎ ጽሑፍ ታሪክ ካስፈለገዎ ከዚህ ቢጀምሩ አይከፋም።

ጽፈውልኝ ባላነሱትም አንድ ነገር ልጨምር። ቦርዱ ነቅቶ ሳለም ሴንሰሩ የሚጠይቀው ሲጠፋ ሊያርፍ ይገባዋል። በርካታ የሊኑክስ አክስለሮሜትር ድራይቨሮች ከመጨረሻው ንባብ በኋላ 2000 ሚሊሴኮንድ ጠብቀው ቺፑን ያስተኛሉ፤ ወዲያው የማያስተኙት በየንባቡ ማብራትና ማጥፋት ከዕረፍቱ የሚገኘውን ስለሚያስከፍል ነው። አደጋው ያለው ይህ የራሱ እረፍት ከቦርዱ እንቅልፍ ጋር ሲገናኝ ነው፤ ቺፑ አስቀድሞ ተኝቶ ሳለ ቦርዱ ሲተኛ አንድ ጊዜ ደግመው ካጠፉት፣ ወይም ሲነሳ ማንም ሳይጠይቅ ካበሩት፣ የቮልቴጅ መስመሩ የማብራትና የማጥፋት ሂሳብ ይፋለሳል፤ ማንም ሳይጠይቅ የበራው መስመርም እስከ ወዲያኛው በርቶ ሊቀር ይችላል። ያበራ ያጥፋ፤ ያላበራ አይንካ።

ሲፈትኑት አንድ ጊዜ አስተኝተው ማንሳት አይበቃዎትም። ከርነሉ መሣሪያዎቹን ብቻ አስተኝቶ ከ5 ሴኮንድ በኋላ የሚያነሳ የመፈተኛ ስልት አለው፤ ለኢንተራፕቱ ችግር በጣም ይረዳል። ነገር ግን በዚህ ፈተና ቦርዱ በእውነት ስለማይተኛ ቺፑ ኃይል ላያጣ ይችላል፤ ሬጅስተር የመርሳት ችግርዎን ይደብቅብዎታል። ለእርሱ በሰዓቱ ማንቂያ እያስነሱ እውነተኛውን እንቅልፍ ሌሊቱን ሙሉ ማስደጋገምና፣ በየመነሳቱ ቦርዱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ አንድ ስበት ማንበቡን ማረጋገጥ ነው።

ጥያቄ፦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ቡና የሚያመላልስ ኢሱዙ አለኝ። መኪናው የት የት ላይ በኃይል እንደሚንገጫገጭ ለማወቅ ልጄ አሮጌ ስልክ ላይ አፕ ሠርቶልኝ ጋቢና ውስጥ አሠርነው። አፑ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመዘግባል ተብሏል። የመጣልን መዝገብ ግን እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነው፤ ጊቤ በረሃን ስንወርድ ያለው ከሞላ ጎደል የለም፣ ረዳቱ ስልኩን ነካ ያደረገበት ቦታ ላይ ብቻ ጥቂት ሴኮንድ ይገኛል። ስልኩ በመኪናው ቻርጀር ላይ ነበር። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሴንሰሩ ደህና ነው፤ እንዲያውም ሳያቋርጥ ሲለካ ነበር። የጎደለው የለካውን የሚቀበለው ነው።

አክስለሮሜትር እንደ ቅርበት ሴንሰሩ ቀስቃሽ አይደለም። ስልኩ ሲተኛ ልኬቶቹን የሚያጠራቅመው ፊፎ በሚባል በቺፑ ውስጥ ባለ አነስተኛ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ኤምፒዩ 6050ን የመሰለ ቺፕ 1024 ባይት ፊፎ አለው፤ የሦስቱ አቅጣጫዎች አንድ ልኬት 6 ባይት ስለሚወስድ 170 ልኬት ይይዛል፤ በሴኮንድ 50 ከተለካ በ3.4 ሴኮንድ ይሞላል። ቀስቃሽ ያልሆነ ሴንሰር ፊፎው ሲሞላ ማንንም አይቀሰቅስም፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል። የጊቤ ቁልቁለት ልኬት በየ3.4 ሴኮንዱ እየተጻፈ እየተሰረዘ ነው የወረደው። ረዳቱ ስልኩን ሲነካው ፕሮሰሰሩ ነቃ፣ አፑም በፊፎው ውስጥ የተረፈችውን የመጨረሻዋን ጥቂት ሴኮንድ ተቀበለ። መዝገብዎ ላይ እንደ ደሴት የቆሙት እነዚያ ናቸው።

በዚህ ላይ አንድሮይድ ከ9ኛው እትም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ ከጀርባ የሚሠራ አፕ እንደ አክስለሮሜትር ያሉ ሳያቋርጡ የሚለኩ ሴንሰሮችን እንዳይቀበል ከልክሏል። ስለዚህ ስልኩ ነቅቶ እንኳ ሌላ አፕ ከፊት ከተከፈተ የልጅዎ አፕ ዝም ይላል። ልጅዎ ሁለት ነገር ይጨምር፤ አፑ በማሳወቂያ አሞሌው ላይ ዘወትር የሚታይ የፊት አገልግሎት ሆኖ ይሥራ፣ ጉዞው እስኪያልቅም ስክሪኑ ቢጠፋ ፕሮሰሰሩን ብቻ የሚያነቃ ዌክሎክ ይያዝ። ለኪስ ስልክ ቢሆን ይህን አልመክርም ነበር፤ የእርስዎ ግን ቻርጀር ላይ ስለሆነ ስለ ባትሪው መጨነቅ የለብዎትም። ለቻርጀሩ ሽቦ ግን ይጠንቀቁ፤ በየመንገጫገጩ ነቀል ሰካ ካለ መሰኪያው ራሱ ስልኩን እየቀሰቀሰ መዝገቡን ሌላ ዓይነት ወንፊት ያደርገዋል።

ልጅዎ «ፊፎውን እንጠቀም እንጂ ለምን ሳይተኛ ያድራል?» ሊል ይችላል፤ ሐሳቡ ጥሩ ነው። አንዳንድ ስልኮች ቀስቃሽ የሆነ ሁለተኛ አክስለሮሜትር ይዘረዝራሉ፤ እርሱ ፊፎው ከመሙላቱ በፊት ፕሮሰሰሩን ይቀሰቅሳል። ነገር ግን በየ3 ሴኮንዱ መቀስቀስ አለመተኛት ማለት ነው። ፊፎው 3000 ልኬት የሚይዝ ቢሆን በደቂቃ አንድ ጊዜ ይነሳ ነበርና ያኔ ያዋጣል። አሮጌ ስልክ ላይ ይህን ያህል ማጠራቀሚያ እንዳያገኙ እሰጋለሁ፤ አፑ የፊፎውን መጠን ከአንድሮይድ ጠይቆ ሊያሳይዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ ከስልኩ ጋር እንዲዞር የሚያደርገውን ቅንብር ባጠፋ ባትሪ ይቆጥብልኛል?

መልስ፦ የሚታይ ነገር አይቆጥብልዎትም። ስክሪኑ ሲጠፋ አንድሮይድ ይህን ክትትል ራሱ ያቆመዋል፤ ስክሪኑ በርቶ ሳለ ደግሞ ስክሪኑ ራሱ የሚበላው ከአክስለሮሜትሩ ጋር አይወዳደርም።

ጥያቄ፦ እኔ ጅሬን የምኖር እናት ነኝ። ሐኪም በእግር እንድሄድ ስላዘዘኝ ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ በእግሬ እወርዳለሁ። ልጄ እርምጃ የሚቆጥር አፕ ጭናልኛለች። ስልኩ በቦርሳዬ ውስጥ ስክሪኑ ጠፍቶ ይቆጥራል፤ ይህ እንዴት እንደሚሆን አልገባኝም፣ ባትሪዬን እንዳይጨርስም እፈራለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ጠዋት የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ጠፍቶ አገኘዋለሁ።

መልስ፦ እናታችን፣ ስለ ባትሪው አይስጉ። እርምጃዎን የሚቆጥረው ዋናው ፕሮሰሰር አይደለም፤ በሴንሰሩ ውስጥ ወይም ከጎኑ ያለ፣ ለዚሁ ብቻ የተመደበ አነስተኛ ቺፕ ነው። ይህ አሠራር በአንድሮይድ 4.4፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የመጣው። እርስዎ ሲሄዱ ትንሹ ቺፕ በልቡ ይቆጥራል፤ ስልኩን አውጥተው ሲከፍቱት ድምሩን ለዋናው ያስረክባል። ለእያንዳንዷ እርምጃ ትልቁን አይቀሰቅሰውም፤ ቁጥሩን ሲከፍቱ እስከ 10 ሴኮንድ ሊዘገይ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው። ቁሙና ይጠብቁት፣ ይደርሳል።

የጠፋው ቁጥር ምክንያቱ ሌላ ነው። ይህ ቆጣሪ የሚይዘው ስልኩ ለመጨረሻ ጊዜ ከተከፈተ ወዲህ ያለውን ድምር ነው፤ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ከዜሮ ይጀምራል። ምናልባት መብራት ጠፍቶ ሳይሞላ አድሮ እኩለ ቀን ላይ የጠፋብዎት ቀን ይሆናል። ጥሩ አፕ የጠዋቱን ድምር በራሱ መዝገብ አስቀምጦ በአዲሱ ላይ ይደምረዋል፤ የእርስዎ አፕ ይህን የሚያደርግ አይመስልም። ልጅዎ ሌላ አፕ ትጫንልዎ፤ ከጫነችም በኋላ ስልኩን አጥፍታ ታብራውና የጠዋቱ ቁጥር መኖር አለመኖሩን ትመልከት።